አርባ አንድ ጊዜ የተዛወረ የውሃ ተራ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ ምላሴ የሚተሳሰር ሰው ነኝ። ሐኪም «ሐኪም ነኝ» ይላል፤ ሹፌር «ሹፌር ነኝ» ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እኔ ግን አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አራት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ለባለቤቴ እናት እንኳ በወጉ አስረድቼ አላውቅም። አንድ ፋሲካ ሞክሬ ነበር።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሜይንፍሬም የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር አለ እማማ። በቀን ብዙ ሺህ ሥራ ይሠራል። እኔ ሥራዎቹ በየተራቸው እንዲነሡ አደርጋለሁ። ይኼኛው ሳያልቅ ያኛው እንዳይጀምር፣ ያኛው ሲያልቅ ደግሞ ሦስተኛው ተኝቶ እንዳይቀር።»

«ሥራውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው?»

«አዎ።»

«ተራውን የሚያስከብረውስ?»

«ለእሱም ሶፍትዌር አለ። እኔ ሶፍትዌሩን ነው የማዝዘው።»

እማማ ጥቂት አሰቡና «እግዚአብሔር እንጀራህን አያሳጣህ» ብለው ወጥ ማውጣታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ጸሎታቸው ግን የበረታ ይመስለኛል።

ሙያው ግን የሚናቅ አይደለም። አንዲት ሥራ ከተራዋ ውጪ ከተነሣች የአንድ አገር ሰው ደብዳቤ ለሌላ አገር ሰው ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጥብቅ ነበርኩ። «የእኛ ሥራ ይቅደምልን» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ ፈራሚው የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን፣ «በቅጹ መሠረት ያመልክቱ» ብዬ እመልሰው ነበር። በአንድ ወቅት የባለቤቴን ወንድም መልሼዋለሁ። ባልደረቦቼ በሌለሁበት «ግንቡ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ ትዕግሥት ነርስ ናት። ወደ ፍኖተ ሰላም ስትዛወር ሥራዬን ለቅቄ አብሬያት መጣሁ። ፍኖተ ሰላም ብዙ ነገር አላት፤ ሜይንፍሬም ግን የላትም። ስምንት ወር ከቤት ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤት ተመላለስኩ። የማዝዘው ነገር ስላጣሁ ቤት ውስጥ የሰሃን አጠባ ተራ ማውጣት ጀምሬ ነበር። ትዕግሥት ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንሥታ እሳት ውስጥ ጨመረችው።

በዚህ መሀል ነው ምናለ የመጣው። ምናለ የትዕግሥት የአክስት ልጅ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ የመስኖ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ስልሳ ሦስት አባላት አሏቸው። ወንዙን ጠልፈው አንድ ትልቅ ኩሬ ይሞላሉ፤ ከኩሬው አራት ቦይ ይወጣል፤ በየቦዩ አፍ ላይ አንድ የብረት በር አለ። አንድ ፕሮጀክት በሮቹን በሞተር የሚከፈቱ አድርጎላቸው፣ የፀሐይ ኃይል ገጥሞላቸው፣ መጋዘናቸው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አስቀምጦላቸው ነበር። ባለሙያዎቹ ለሁለት ቀን አሠልጥነው፣ ከገበሬው ጋር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

«ጋሼ፣ ሲከፈት እንዲህ ይላል» ብሎ ምናለ በስልኩ ያነሣውን የኮምፒውተሩን ፎቶ አሳየኝ።

ሳየው አወቅኩት። ሥራ ይላል፤ ተራ ይላል፤ ቀን መቁጠሪያ ይላል፤ «ከየትኛው ሥራ በኋላ ይነሣ?» ብሎ ይጠይቃል። ዐሥራ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩት የትልቁ ሶፍትዌር ታናሽ ወንድም ነው። በማግሥቱ ቡሬ ነበርኩ።

እዚያ የሚጠብቀኝን ጠብ ግን አስቤበት ነው የሄድኩት። በማኅበሩ ውስጥ አያ ጥሩነህ የሚባሉ ሰው አሉ። የውሃ አባት ናቸው፤ ማለትም ዛሬ የማን ማሳ ይጠጣ፣ ነገ የማን ይጠጣ የሚለውን የሚወስኑ ሽማግሌ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በየዓመቱ ተመርጠዋል። የስልሳ ሦስቱም ተራ ያለው በጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በማሽን ልተካ ስሄድ ምን እንደሚሉኝ ገምቼ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር።

ኩሬው ዳር አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው።

«አያ ጥሩነህ፣ ማሽኑ የመጣው የእርስዎን ቦታ ሊወስድ ሳይሆን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ይውሰደው ልጄ» አሉኝ።

«ማለቴ፣ እርስዎ ያካበቱት ልምድ...»

«ልምዱንም ይውሰደው። መቼ ነው የሚጀምረው?»

ያዘጋጀሁት ንግግር እዚያው አለቀ። ሽማግሌው እጄን ይዘው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና አስረዱኝ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠላ ቀድቶልኝ ስለ ውሃ ያላነሣብኝ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እንኳ አጠገቤ የቆመው ሰው ስለ ማሳው ይነግረኛል። የበኩር ልጄ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላው፤ አልዳርኩትም። ከማን ጋር ልዛመድ? ከአንዱ ቤት ባጋባ ሌላው ‹ውሃው በጋብቻ ሄደ› ይላል። እኔ ደክሞኛል። ማሽኑ ‹ተራህ አይደለም› ይበላቸው። ማሽን አይታማም።»

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። አራት ቀን መጋዘኑ ውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ መካከል ተቀምጠን አያ ጥሩነህ ሲናገሩ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ስጽፍ ዋልኩ። እያንዳንዱ ገበሬ በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሥራ ሆነ። የአንዱ ማሳ ጠጥቶ ሲያበቃ የቀጣዩ እንዲነሣ አሰርኩት። አንድ ሰው በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። የኩሬው ውሃ ስለማይበቃ በአንድ ጊዜ ከሁለት በር በላይ እንዳይከፈት ደንብ ጻፍኩ።

የሰዓቱን ነገር ትጠብቁ ይሆናል። ብዙ ሰው የኛን ሰዓትና የፈረንጁን ሰዓት አደበላልቆ ይሳሳታል፤ እኔ እዚያ ላይ አልሳትኩም። ጳጉሜንም ቢሆን በእጄ አስገብቻታለሁ። ትንሽ ያስቸገረን የበዓሉ ጉዳይ ነበር። በዓል በሚከበርበት ቀን ማሽኑ ውሃ ቢለቅ በዓል ሻረ ይባላል ወይስ አይባልም? አያ ጥሩነህ መመለስ ስላልቻሉ መሪጌታ አምሳሉን አስጠራን። መሪጌታ የደብሩ ቅኔ አዋቂና የማኅበሩ አባል ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህ ክርስትና አልተነሣም» አሉ። «ስለዚህ አይፈረድበትም። ውሃውን በየፈሩ የሚመራው ገበሬ ግን ክርስትና ተነሥቷል።»

ሰው ሳይኖር የተለቀቀ ውሃ ደግሞ ማሳ ያጥባል እንጂ አያጠጣም። ስለዚህ እሑድን፣ የሚካኤልን፣ የማርያምን፣ የእግዚአብሔር አብንም ሳይቀር አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ከቡሬ እየመጡ ለሚያርሱት ሙስሊም አባላት ደግሞ የዓርብ ቀትርን ዘጋሁላቸው። ቀን መቁጠሪያው ሲያልቅ በጣም ያማረ ነገር ሆነ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ለባልደረቦቼ አሳይ ነበር።

ማኅበሩም በበኩሉ አንድ ውሳኔ ወሰነ። ማንም ሰው በሮቹን በእጁ እንዳይነካ የእጅ መክፈቻቸው በሰንሰለት ተቆለፈ፤ ቁልፉ ምናለ ኪስ ገባ።

ሦስት ሳምንት በሮቹ በሰዓታቸው ሲከፈቱ፣ በሰዓታቸው ሲዘጉ ሰነበቱ። ገበሬው «ኢንጂነር» ይለኝ ጀመር። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ለሁለት ሰዎች ነገርኳቸው፤ ለሦስተኛው ተውኩት። አያ ጥሩነህ ጋቢያቸውን አሳጥበው በየቤቱ መጠየቅ ጀመሩ። ሰው ጠላ ሲቀዳላቸው ስለ ልጆቻቸው ጤና ይጠይቃቸዋል አሉ። ወጣት የሆኑ መሰሉ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደምሌ የሚባል ገበሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ ቤቴ መጣ። አንድ ቅል ማር ይዟል። ስለ አየሩ ተጫወትን፤ ስለ መንገዱ ተጫወትን፤ ስለ ትዕግሥት እናት ጤና ተጫወትን። ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ተነሣና በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ።

«ሽንኩርቴ ሰላም ብሎዎታል» አለኝ።

«እግዜር ይስጠው» አልኩት፤ ሄደ።

ትዕግሥት ወንፊቱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ገባህ?»

«ምኑ?»

«ተራ ፈልጎ ነው።»

ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩበት። ሐሙስ ተራው ነው፤ ሐሙስ ደግሞ ልጁን ይድራል። ማክሰኞ ቢደርሰው ነበር የሚሻለው። ይህንንም ቢሆን አልለመነኝም፤ እንዲሁ ሲያወራ ነው የነገረኝ። በማግሥቱ ሄጄ ተራውን ወደ ማክሰኞ አዛወርኩለት። ሶፍትዌሩ «ልዩ ሁኔታ» የሚለው ክፍል አለው፤ እዚያ ገብቶ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

እስከ ዛሬ የማይገባኝ ነገር ይህ ነው። ዳይሬክተር የመለስኩ ሰው፣ አማቼን የመለስኩ ሰው፣ ደምሌን መመለስ ለምን አቃተኝ? አዲስ አበባ የሚመጣብኝ ወረቀት ነበር፤ ወረቀት ፊት የለውም ማለት ይቻላል። እንዲህ ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ስምንት ወር ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ሰው ከቡሬ ተነሥቶ እኔን ብሎ ሲመጣ ደስ አለኝ።

ጥር ገብቶ ነበር፤ ደምሌም የመጀመሪያው ብቻ ነበር። የጥርን ወር ታውቁታላችሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ስድስት ሠርግ ጠሩኝ። በአንደኛው ዳስ ውስጥ የክብር ቦታ ተሰጥቶኝ ተቀምጬ፣ ብርሌው ጎደለ ሲባል እየተሞላ፣ መሪጌታ አምሳሉ ከጎኔ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ኢንጂነር፣ እኛ እንዲህ ስናጠጣዎት እርስዎ ሳያጠጡን ሊቀሩ ነው?»

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የሳቅኩት ግን ከሁሉ በኋላ ነው፤ የገባኝም ከሁሉ በኋላ ስለነበር። በማግሥቱ የመሪጌታ ተራ ሁለት ቀን ወደ ፊት መጣ።

ሐጂ ኑሩ ቡሬ የሚነግዱ፣ ማኅበሩ ውስጥም ማሳ ያላቸው ሰው ናቸው። ሸቀጥ የሚገባላቸው ከተራቸው ጋር በሚጋጭ ቀን ስለሆነ ማክሰኞ ይመቻቸው ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ማክሰኞ ሰጠኋቸው። አንዱ በሬው ጠፍቶበት ፍለጋ ሄደ፤ አንዷ አራስ ጥየቃ ሄደች፤ አንዱ ለቅሶ ላይ ነበር። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው በቅጹ መሠረት አመልክት አይሉትም። ሁሉንም አንድ በአንድ «ይህ ከዚያ በኋላ ይነሣ» እያልኩ እርስ በርስ አሰርኳቸው። የካቲት ሲያልቅ ልዩ ሁኔታዎቹ አርባ አንድ ደርሰው ነበር።

ትዕግሥት አንድ ቀን የማር ቅሎቹን እየደረደረች፣ «ወንድሜን እኮ እምቢ ብለኸዋል» አለችኝ።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ረቡዕ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ምናለ ነው።

«ጋሼ፣ በሮቹ አልከፈት አሉ። አንዱም።»

«አንተ የት ነህ?»

«ሽንዲ፤ ለስብሰባ መጥቼ። የሰንሰለቱ ቁልፍም እኔ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።»

መናኸሪያ ሄድኩ። የቡሬው ሚኒባስ ሁለት ሰው ጎድሎታል፤ ካልሞላ አይነሣም። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ተቀምጬ ረዳቱን ላለመቆጣት ከራሴ ጋር ታገልኩ። ከቡሬ ባጃጅ ይዤ ማኅበሩ ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል።

አርባ የሚሆኑ ገበሬዎች አካፋቸውን ተደግፈው መጋዘኑ ፊት ቆመዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ናቸው። አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ጎንበስ ብለው «እንዴት አረፈዱ ኢንጂነር» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ የስልሳ ሦስቱም ስም ተደርድሯል፤ በየስሙ አጠገብ «በመጠበቅ ላይ» ይላል። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። ደምሌ ሐጂ ኑሩ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ሐጂ ኑሩ መሪጌታ እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። መሪጌታ ደምሌ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ሌላው ሰው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ይጠብቃል። ሦስቱንም በተለያየ ቀን ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ወንበሩን እንኳ ሳያደላድል፣ ሥራን በክብ እንዳያስር የማስተምረውም እኔ ነበርኩ።

ቋጠሮውን አንድ በአንድ መፍታት አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ያን አንድ ሰዓት መውሰድ ነበረብኝ። ነገር ግን አርባ ሰው በመስኮቱ በኩል ትንፋሹ ይሰማኛል። እና «አስገድደህ ልቀቅ» የሚለውን መረጥኩ። አዲስ አበባ ይህን ትእዛዝ ለመስጠት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ የእኔ ጣት በቃች። ይህ ትእዛዝ ሁሉንም ደንብ ያልፋል፤ ከሁለት በር በላይ እንዳይከፈት ያልኩትንም ጭምር።

አራቱም በሮች ባንድ ጊዜ ተከፈቱ። ውሃው ሲወርድ ሰው አጨበጨበ፤ አንድ አዛውንት ቆብ አውልቀው መረቁኝ። እኔም ደጅ ወጥቼ ምርቃቱን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ከዚያ አያ ጥሩነህ ከቦዩ በኩል በፍጥነት ሲመጡ አየኋቸው። ጆሮዬ አጠገብ ደርሰው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ዝጋው። የይታይሽ ማሳ ሄደ።»

ሮጬ ዘጋሁት። ሞተሩ በሩን ለመዝጋት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እንደዚያ ያለ ረጅም ሦስት ደቂቃ አላየሁም።

እትዬ ይታይሽ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። አንድ ቃዳ መሬት አለቻቸው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሆናል። መሬቷ ያለችው በአራተኛው ቦይ መጨረሻ፣ ከሁሉ በታች ነው። ከላይ የተረፈ ውሃ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሄጄ ስደርስ መደቦቹ ተስተካክለው አንድ ሜዳ ሆነዋል። የሽንኩርቱ ችግኝ ከግርጌው አጥር ላይ እንደ ድርቆሽ ተከምሯል። ከላይ በኩል ሁለት መደብ ብቻ ተርፏል።

ከዚህ ቀደም ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁ። ያን አርባ አንድ ጊዜ አንዱን ሰው ወደ ፊት ባመጣሁ ቁጥር የመጨረሻው ሰው አንድ ወደ ኋላ ይሄዳል። የመጨረሻው ሰው እሳቸው ናቸው። በስምንት ቀን ሊደርሳቸው የሚገባው ውሃ ለዐሥራ ሰባት ቀን አልደረሳቸውም። ያን ሁሉ ቀን ችግኙን ያቆዩት ከወንዝ በጄሪካን እየተሸከሙ አጠጥተው ነው። ጄሪካኑ አሁንም እጃቸው ላይ ነበር።

«እንዴት ዋሉ» አሉኝ።

ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆሜ ቀረሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰበ። እትዬ ይታይሽ በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ተራ በተራ እየተነሣ ተናገረ፤ የሁሉም ንግግር አንድ ነበር። ምናለ «የማሽን ነገር ነው» አለ። መሪጌታ «ማሽን ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉ። ደምሌ ለፕሮጀክቱ ደብዳቤ ይጻፍ አለ፤ ብዙ ሰው ደገፈው። ማንም ወደ እኔ አላየም። ይህን የሚያደርጉት ለእኔ ክብር ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። ትንሽ ብታገሥ ጥፋቱ ሁሉ ማሽኑ ላይ ተጭኖ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ትንሽ ታግሻለሁ። ደምሌ ወረቀትና እስክሪብቶ ሲፈልግ ነው የተነሣሁት።

«ማሽኑ የተለወጠበትን ነገር ሁሉ ይመዘግባል» አልኩ። «ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የለወጠውን ሰው ስም። አርባ አንድ ለውጥ አለ። አርባ አንዱም ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። ለማን እንዳዛወርኩ አላነብም። ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻም ሁሉንም በር የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ ሐጂ ኑሩ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እኔ ልናገር» አሉ። «ማክሰኞዎቹን የጠየቅኩ እኔ ነኝ። አምስቱንም።»

ደምሌ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ» አለ።

«እኔ ሁለት ጊዜ» አሉ መሪጌታ። ያለ ቅኔ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተናገረ። ሲያበቃ አንድ ሰው አያ ጥሩነህ ወደ ቦታቸው ይመለሱ አለ፤ መጋዘኑ በሙሉ «ይመለሱ» አለ። አያ ጥሩነህ ተነሡ።

«አልመለስም» አሉ። «ልጄን አጭቼለታለሁ፤ ግንቦት ውስጥ እድራለሁ። ለዚህ ልጅ ግን ሳልነግረው የቀረሁት ነገር አለ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው። ሰው ተራ ቀይርልኝ ብሎ ሲመጣብኝ እምቢም እሺም አልለውም ነበር። ‹ና እንሂድ› እለዋለሁ። ተራው ወደሚገፋበት ሰው ማሳ እወስደዋለሁ። እዚያ ቆሞ ሰብሉን እያየ እሱ ራሱ ይጠይቀው። ከሦስት ሰው ሁለቱ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ለውጠው ይመለሱ ነበር።»

በዚያው ቀን አርባ አንዱንም ልዩ ሁኔታዎች ሰረዝኩ። ከእንግዲህ ተራ የሚዛወረው ሰጪውና ተቀባዩ አብረው መጋዘን መጥተው ሲናገሩ ብቻ እንዲሆን ማኅበሩ ወሰነ። «አስገድደህ ልቀቅ» የሚለውን ደግሞ የእኔና የምናለ የይለፍ ቃል አንድ ላይ ካልገቡ እንዳይሠራ አደረግኩት። የሰንሰለቱ ቁልፍ መጋዘን እንዲቀመጥ ተባለ። ማር የሚያመጣም ሰው ጠፋ፤ ቤታችን ያለው ለሁለት ዓመት ይበቃል።

ማክሰኞ ለእትዬ ይታይሽ ደቦ ተጠራ። ከየማሳው ጠንካራ ችግኝ ተነቅሎ መጣ፤ ሐጂ ኑሩ ራሳቸው በአህያ አስጭነው አመጡ። ሠላሳ የሚሆን ሰው መደብ ሲያወጣ ዋለ። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። በሕይወቴ ሽንኩርት ተክዬ አላውቅም። ወገቤ ከግማሽ መደብ በላይ አልታዘዝ አለኝ፤ የተከልኩበት መስመርም እንደ እባብ ሄደ። ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፈኛል። ሽንኩርቱ በኋላ ከሌላው ሰው ወር ተኩል ዘግይቶ፣ ዝናቡ ሲጀምር ደረሰ። መጠኑ አነስ ያለ ነበር፤ ግን ተለቀመ። ያን ዕለት ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ጭቃ ላይ የተሰካ አረንጓዴ ፀጉር ነበር የሚመስለው።

ከቀትር በኋላ እትዬ ይታይሽ ችግኝ በእቅፋቸው ይዘው እኔ ያለሁበት መደብ መጡ። እየተከልን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ። «ሰው ይሳሳታል።»

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ባልጠይቅ ይሻል ነበር፤ ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ለምን ወደ እኔ አልመጡም? ሰው ሁሉ ይመጣ ነበር እኮ። ቤቴም ቢሆን መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ሩቅ አይደለም።»

ቀና ብለው አዩኝ። የቅሬታ ፊት አልነበረም፤ ጥያቄው ራሱ የገረማቸው ይመስላል።

«ውሃውን ከእንግዲህ ማሽን ነው የሚያከፋፍለው ብላችሁ ነገራችሁን» አሉ። «እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የሚለመን ማሽን መሆኑን አላወቅኩም።»

ችግኝ ሰጡኝ። ተቀብዬ ተከልኩ። አጥልቄው ኖሮ ጎንበስ ብለው ነቅለው እንደገና ተከሉትና ወደሚቀጥለው አለፍን።